«ተሳስተሃል» የሚለኝ ወዳጄ

ከ20 ዓመት በላይ አብሮኝ የቆየ አንድ ወዳጅ አለኝ። ሃይማኖታችን የተለያየ ነው። እሱ የእኔ እምነት በዋና ዋና ነጥቦቹ ስሕተት እንደሆነ ያምናል፤ እኔም ስለ እሱ እምነት የማስበው ከዚህ የተለየ አይደለም። ይህንን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ተነጋግረንበታል፤ አንዳንዴም እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረንበታል። አንድ ጊዜ በጠና ታምሜ ሳለ ሊጠይቀኝ መጣና እየጸለየልኝ እንደሆነ ነገረኝ። «የምትጸልይልኝ እንድድን ነው ወይስ እምነቴን እንድለውጥ?» አልኩት በቀልድ። «ለሁለቱም ነው» አለኝ ሳይስቅ፤ «ተሳስተሃል ብዬ እያመንኩ፣ ወዳጄ ስለሆንክ ብቻ ልክ ነህ ብዬ ልዋሽህ አልችልም።» ብዙ ሰው በዚህ ንግግር ይቀየም ይሆናል። እኔ ግን በሕመሜ ወቅት ከሰማኋቸው የማጽናኛ ቃላት ሁሉ በልቤ የቀረው ይኸው ነው።

ይህንን ያስታወሰኝ ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ሃይማኖት መቻቻል በተዘጋጀ ውይይት ላይ መገኘቴ ነው። ተናጋሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ሃይማኖቶች ሁሉ በመሠረቱ የሚያስተምሩት አንድ ነገር መሆኑን፣ ልዩነታቸው ከአገላለጽ እንደማያልፍና ይህንን ብንረዳ ኖሮ ጠብ ባልኖረ እንደነበር አስረዱ። ታዳሚው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ንግግር ለወዳጄም ለእኔም ቦታ አልነበረውም። ፈጣሪ ማን እንደሆነ፣ ሰው እንዴት እንደሚድን፣ የትኛው መጽሐፍ እንደሚታመን በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ሃይማኖቶች የሚሰጡት መልስ በእርግጥ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜም አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው እውነት ሊሆን አይችልም። ልዩነቱን በጭብጨባ ማጥፋት ለእምነታቸው ሲሉ የኖሩትንና የሞቱትን ሁሉ «ሳይገባችሁ ነው» ብሎ እንደ መገሠጽ ይቆጠራል። ሁሉም አንድ ከሆነ ደግሞ መቻቻል ለምን ያስፈልጋል?

ቃሉ ራሱ ይህንን ይነግረናል። «ቻለ» የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት ትርጉሞችን ይዟል፤ አንደኛው አቅም ማግኘት ሲሆን ሁለተኛው መሸከምና መታገሥ ነው። ሕመሙን ቻለው፣ ጠባዩን ቻለችው እንላለን። የማይከብደውን ነገር «ቻልኩት» የሚል ሰው የለም። በእንግሊዝኛ ለመቻቻል የሚውለው «ቶለራንስ» የተባለው ቃልም መሸከም የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግስ የመጣ ነው። የአማርኛው ግን አንድ ብልጫ አለው፤ «መቻቻል» እንደ መረዳዳትና እንደ መነጋገር ሁሉ ሁለት ወገን የሚጠይቅ ቅርጽ ስላለው፣ እኔ አንተን በምሸከምበት ሰዓት አንተም እኔን እየተሸከምክ መሆኑን ያስታውሳል። ስለዚህ ለሃይማኖት ደንታ የሌለው ሰው ስለ ሃይማኖት ሲቻቻል አየሁት ማለት ይከብደኛል፤ የተሸከመው ነገር የለምና። እንዲህ ያለ ሰው ሰላማዊ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን መቻቻልን ከእሱ የምንማረው ከሆነ፣ ለአጥባቂ አማኝ የምናስተላልፈው መልእክት «እምነትህን ስታላላ ጥሩ ሰው ትሆናለህ» የሚል ይሆናል። አጥባቂው ደግሞ ይህንን ሲሰማ መቻቻል የሚባለው ነገር ሃይማኖቱን ለማዳከም የተሸረበ ዘዴ ነው ብሎ ይደመድማል። አልፈርድበትም።

እኔ መቻቻልን መማር የምፈልገው ከአጥባቂ ነው። ለዚህ የማይሰለቸኝ ምሳሌ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው የፒዩሪታን ሰባኪ ሮጀር ዊሊያምስ ነው፤ ፒዩሪታኖች የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊክ ልማዶች ማጥራት የሚፈልጉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊሊያምስ በ1631 በሰሜን አሜሪካ ወደነበረው የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሲሻገር የቦስተን ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግላት ጋበዘችው፤ እሱ ግን ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጋር ፈጽማ አልተለያየችም በማለት እምቢ አለ። በዚያ ዘመን ፒዩሪታኖችን «በበቂ ጥብቅ አይደላችሁም» ብሎ የሚነቅፍ ሰው ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ይኸው ሰው ግን ዳኞች በነፍስ ጉዳይ ማንንም የመቅጣት ሥልጣን የላቸውም ብሎ አስተማረ፤ የእንግሊዝ ንጉሥም የአገሬውን ተወላጆች መሬት የመስጠት መብት እንደሌለው ተናገረ። በ1635 ከግዛቱ እንዲባረር ተፈረደበት። በማግሥቱ ዓመት በጥር፣ በበረዶው መካከል ሸሽቶ ወጣ፤ ያስጠጉትም ክርስቲያን ያልሆኑት የአካባቢው ተወላጆች ነበሩ። ናራጋንሴት ከተባሉት ተወላጆች አለቆች መሬት አግኝቶ ፕሮቪደንስን ቆረቆረ፤ በዚያችም ከተማ ማንም ሰው በሕሊናው ምክንያት እንዳይከሰስ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ዊሊያምስ ከጊዜ በኋላ ለዘብ ያለ፣ ሁሉን አቀፍ ሰው ሆነ ብለን እናስብ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በፕሮቪደንስ የባፕቲስቶችን ቤተ ክርስቲያን በመመሥረት ተካፍሎ ከጥቂት ወራት በኋላ ከእርሷም ወጣ፤ በምድር ላይ በእውነተኛ ሥልጣን የቆመች ቤተ ክርስቲያን አልቀረችም ብሎ ስላመነ ነበር። ያለ ቄስ የሚያመልኩትንና በውስጣዊ ብርሃን እንመራለን የሚሉትን ኩዌከር የተባሉ ክርስቲያኖች ደግሞ ፈጽሞ አይወዳቸውም ነበር። በ1672 ዕድሜው ወደ 70 ተጠግቶ ሳለ ጀልባ ቀዝፎ ኒውፖርት ድረስ ሄዶ ለቀናት ተከራከራቸው፤ ከዚያም በኋላ እነሱን የሚነቅፍ ረጅምና መራራ መጽሐፍ አሳተመ። (ጽሑፎቹን ያየ ሰው ከእሱ ጋር ማምሸት የሚመኝ አይመስለኝም።) ነገር ግን በዚያው ዘመን ከ1659 እስከ 1661 ባሉት ዓመታት በቦስተን አራት ኩዌከሮች በገመድ ተሰቅለው ተገድለዋል፤ ከእነርሱም አንዷ ሜሪ ዳየር ነበረች። ዊሊያምስ ባለበት፣ ፕሮቪደንስና ኒውፖርት በሚገኙበት በሮድ አይላንድ ግን ኩዌከሮች ይሰብኩ፣ ይመረጡ፣ ሥልጣንም ይይዙ ነበር። ሽማግሌው የተጓዘው ሊከራከራቸው እንጂ ሊያሳስራቸው አልነበረም። ማሳሰርን አስቦበት የሚያውቅም አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ለእሱ በግድ የተገኘ አምልኮ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ፈጣሪን ማስቀየም ጭምር ነበር። መቻቻሉ ከእምነቱ ጎን ለጎን የቆመ ሌላ ሐሳብ አልነበረም፤ ከዚያው ከአጥባቂነቱ የበቀለ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ንብረት አይደለም። በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የካርቴጁ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያኖስ ሃይማኖትን በግድ ማስያዝ የሃይማኖት ሥራ እንዳልሆነ ለሮማዊው አገረ ገዥ ጽፎ ነበር። ቁርኣንም በሁለተኛው ምዕራፍ «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» ይላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰይፍ ጉልበትን ያንበረክካል፣ ምላስንም ያስምላል፣ ልብን ግን ማሳመን አይችልም።

ሆኖም ለራሴ ክርክር ሳደላ ሌላውን ወገን መደበቅ አልፈልግም። ጽኑ እምነት ወደ ማስገደድም ያደርሳል፤ የሚያደርሰውም ሁልጊዜ በጭካኔ ሳይሆን አንዳንዴ በፍቅር ስም ነው። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ መጀመሪያ ላይ ማንም ወደ ቤተ ክርስቲያን አንድነት በግድ መምጣት የለበትም ይል ነበር። በ408 ገደማ በጻፈው ደብዳቤ ግን ሐሳቡን እንደለወጠ በግልጽ ተናገረ፤ የለወጠው ደግሞ ማስገደዱ «ሲሠራ» በማየቱ ነው። የገዛ ከተማው ሕዝብ ቀድሞ ዶናቲስቶች የተባሉት ከቤተ ክርስቲያን የተገነጠሉ ክርስቲያኖች ወገን ሆኖ ሳለ የነገሥታቱን ሕግ ፈርቶ ተመልሷል፤ ከተመለሱትም ብዙዎቹ ኋላ አመስግነዋል ይላል። ከዚያ ወዲያ በሉቃስ ወንጌል ስለ ታላቁ እራት በተነገረው ምሳሌ ውስጥ የግብዣው ጌታ ሰዎችን እንዲያስገባ ለአገልጋዩ የተናገረው «ግድ በላቸው» የሚለው ቃል ለብዙ መቶ ዓመታት የማስገደድ ማስረጃ ሆኖ ተጠቀሰ። ይህንን ሐሳብ በቀላሉ ማጣጣል አይቻልም። ልጁ ወደ ገደል ሲሮጥ ያየ አባት ፈቃዱን ሳይጠይቅ እጁን ይዞ ይጎትተዋል፤ የሌላው ሰው ነፍስ ወደ ገደል እየሄደች ነው ብዬ ከልቤ ካመንኩ ለምን እጁን አልይዘውም?

ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ የሚያጠግበኝ ፈረንሳዊው ፕሮቴስታንት ፈላስፋ ፒየር ቤል የሰጠው ነው፤ ቤልም መልሱን የጻፈው በምቾት ተቀምጦ አልነበረም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በ1598 በናንት አዋጅ ለፕሮቴስታንቶች የሰጠውን መብት የልጅ ልጁ ሉዊ 14ኛ በ1685 ሻረው። በዚያው ዓመት ፕሮቴስታንት የነበረው የቤል ወንድም በእስር ቤት ሞተ፤ ቤል ራሱ በስደት በሆላንዷ ሮተርዳም ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዚያው በ«ግድ በላቸው» ላይ መጽሐፍ አሳተመ። የክርክሩ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፤ እውነት የያዘ ሰው የማስገደድ መብት አለው ከተባለ፣ እያንዳንዱ ወገን እውነት የያዘው እኔ ነኝ ብሎ ስለሚያምን መብቱ ለሁሉም ይደርሳል፤ በሁሉም እጅ ያለ የማስገደድ መብት ደግሞ ማለቂያ የሌለው ጦርነት ነው። ልብ በሉ፤ ቤል እዚህ ላይ «እምነትህን ተጠራጠር» አላለም። ያለው «ጎረቤትህም እንዳንተው ያለ ጥርጥር እንደሚያምን አስታውስ» ነው። የገደሉ ምሳሌም የሚፈርሰው በዚሁ ነው፤ ገደሉን አባትም፣ መንገደኛም፣ ልጁ ራሱም ቀና ካለ ያየዋል፣ የነፍስን ገደል ግን እያንዳንዳችን የምናየው በሌላው እግር ሥር ነው።

የናንት አዋጅ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። መቻቻል ከላይ ወደ ታች የሚሰጥ ችሮታ ሲሆን ሰጪው ሲሰለች ወይም ሲለወጥ መልሶ ይወስደዋል፤ የሄንሪ ችሮታ ዕድሜው 87 ዓመት ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1790 ለኒውፖርት የአይሁድ ምእመናን በጻፈው ደብዳቤ ከእንግዲህ መቻቻል አንዱ የሕዝብ ክፍል ለሌላው በጎ ፈቃዱ የሚለግሰው ነገር ተደርጎ እንደማይነገር የገለጸው ይህንኑ ልዩነት አስቦ ነው። (ጸሐፊው ባሪያ አሳዳሪ እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ የራስን ቃል እስከ ጫፉ ተከትሎ መሄድ ከባድ ነው።) በታኅሣሥ 10 ቀን 1948 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫን በ48 ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በ8 ድምፀ ተዓቅቦ ሲያጸድቅ አንቀጽ 18 የሃሳብ፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነጻነትን፣ ሃይማኖትን ወይም እምነትን የመለወጥ ነጻነትን ጨምሮ፣ የማንኛውም ሰው መብት አድርጎ ደነገገ። ሳዑዲ ዓረቢያ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት አንዷ ነበረች፤ የመለወጥን ነጻነት የሚናገረውን ሐረግም ተቃውማ ነበር። የፓኪስታኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሙሐመድ ዘፍሩላህ ኻን በአንጻሩ አንቀጹን የደገፉት ከቁርኣን እየጠቀሱ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ መጽሐፍ የሚያምኑ መሆናቸው፣ ነጻነትን የሚደግፍም የሚጠራጠርም በየሃይማኖቱ ውስጥ እንዳለ ያሳየናል።

«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መንግሥት በነፍስ ጉዳይ እጁን እንዳያስገባ ለመከልከል ሲባል እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ሃይማኖት በቤት ተቆልፎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። አማኝ ልጁን የሚያሳድገው፣ ሥራውን የሚሠራው፣ ሙታኑን የሚቀብረው በእምነቱ ነው፤ ስለዚህ እምነቱ ከጎረቤቱ እምነት ጋር በየቀኑ ይገናኛል። ይህንን የተረዳሁት አስቀድሜ ባነሣሁት ውይይት ሳይሆን ራሴ ባጠፋሁት ጥፋት ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ቡድን ኃላፊ ነበርኩ። የሳምንቱን ስብሰባ የምንከፍተው በጸሎት ነበር፤ ጸሎቱም የብዙኃኑ፣ የእኔም ጭምር ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ እንዲሁ የተለመደ ነው። ከቡድኑ አባላት አንዷ ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ታረፍድ ነበር። በሥራዋ እንከን የማይወጣላት ሰው ስለነበረች ነገሩ ግራ አጋባኝ፤ በቃል ነገርኳት፣ ደግሜ ነገርኳት፣ በመጨረሻም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩባት። ደብዳቤውን ስሰጣት አንብባ ፈረመችና ልትወጣ ስትል መለስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «እባክዎን አይቀየሙኝ። ከጸሎቱ መሐል ተነሥቼ ብወጣ ሰው ያየኛል፤ ብቀመጥ ደግሞ ያልሆንኩትን መምሰል ይሆንብኛል። ማርፈድ ቀለለኝ።» ለሁለት ዓመት ያህል በየሳምንቱ በኮሪደሩ ቆማ አምስት ደቂቃ ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ቡድናችን በሃይማኖት ጉዳይ እንከን የሌለበት፣ ጭቅጭቅ የማያውቅ ነው ብዬ እኮራ ነበር። ጭቅጭቅ ያልነበረው እሷ ብቻዋን ስትችለን ስለኖረች ነው። ደብዳቤውን አነሣሁ፤ ጸሎቱም መጸለይ ለሚፈልጉ ከስብሰባው ሰዓት በፊት እንዲሆን ተስማማን። ከቡድኑ ሁለት ሰዎች ጸሎት ተከለከለ ብለው ቅር ተሰኙብኝ። ማንም አልከለከለም፤ ነገር ግን ብዙኃን የለመዱትን ነገር ቦታ ማዛወር ለብዙኃኑ እንደ መነጠቅ እንደሚሰማቸው ያን ጊዜ አየሁ።

ስለ አነጋገርም አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። በ1985 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም፣ ሞርሞኖች የተባሉት በአሜሪካ የተነሡ የሃይማኖት ወገኖች ቤተ መቅደስ ሊመረቅ ሲል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። የከተማይቱ የሉተራን ጳጳስ ክሪስተር ስቴንዳል በዚያን ጊዜ ሦስት ምክር ሰጡ፦ ስለ አንድ ሃይማኖት ማወቅ ስትፈልግ ጠላቶቹን ሳይሆን አማኞቹን ጠይቅ፤ የራስህን ምርጥ ከሌላው መጥፎ ጋር አታወዳድር፤ በሌላው ሃይማኖት ውስጥ ለምትቀናበት መልካም ነገርም በልብህ ቦታ ተው። ሦስተኛውን በእኛ ቋንቋ መንፈሳዊ ቅናት ብንለው የሚስማማ ይመስለኛል። ወዳጄ የጸሎት ሰዓቱን ሲያከብር እቀናለሁ፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ። የምወድቀው በሁለተኛው ነው። ስልኬ በየማታው የሌላውን ወገን እጅግ ደካማውን ሰባኪ፣ እጅግ የሚያስቀውን ስሕተት እየመረጠ ያቀርብልኛል፤ እኔም እየሳቅኩ ለራሴ ወገን እልካለሁ። የራሴ ወገን ተመሳሳይ ሰባኪዎች እንዳሉት ግን አውቃለሁ። የሕንዱ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን በዓለት ላይ ባስቀረጸው አዋጅ፣ ለሃይማኖቱ ከመቅናት የተነሣ የራሱን እያወደሰ የሌላውን የሚያንቋሽሽ ሰው የሚጎዳው የገዛ ሃይማኖቱን ነው ብሎ ነበር። ትምህርትን መንቀፍ ሌላ ነገር ነው፤ ወዳጄ ትምህርቴን ፊት ለፊት ይነቅፋል። ነገር ግን እኔ በሌለሁበት ሲሣለቅብኝ ሰምቼ አላውቅም።

መቻቻል ወሰን የለውም ወይ ለሚለው ጥያቄ ዊሊያምስ በ1655 ለፕሮቪደንስ ሰዎች የጻፈው ደብዳቤ መልስ ይሰጣል። አገርን በመርከብ ይመስላታል፤ በመርከቧ ካቶሊኮች፣ ፕሮቴስታንቶች፣ አይሁድና ሙስሊሞች ተሳፍረዋል። ማንም ወደ መርከቧ ጸሎት በግድ አይጠራም፤ ከራሱ ጸሎትም አይከለከልም። ሆኖም የመርከቧን አቅጣጫ የሚወስነው አለቃው ነው፤ ሰላምና ፍትሕ እንዲጠበቅም ያዝዛል፤ ሕሊናዬ ነው ብሎ መርከቧን የሚያውክ ወይም የጋራ ወጪን አልከፍልም የሚል ይቀጣል። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ማመን በራሱ ገደብ አይጣልበትም፤ እምነትን በተግባር መግለጥ ግን የሕዝብን ደኅንነት፣ ሥርዓት፣ ጤናና ሥነ ምግባር ወይም የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ሊገደብ ይችላል። ክርክሩ ሁሉ «ሊገደብ ይችላል» በምትለው ላይ ነው። ብዙኃን የማይወዱት ነገር ሁሉ «ሥርዓት የሚያውክ» እንዳይባል የማንንም ሕሊና የማይፈራ ዳኛ ያስፈልጋል።

ባለፈው ወር ልጄ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ወዳጄ ከእኛ ጋር አምሽቶ ሲሄድ በሩ ላይ ቆማ ሸኘችውና፣ «አባዬ፣ ጋሼ ገነት አይገባም እንዴ?» አለችኝ። ከየት እንደሰማች አላውቅም። «ሁሉም ይገባል» ብዬ ባሳርፋት ቀላል ነበር፤ እምነቴ ግን እንዲህ በቀላሉ እንድናገር አይፈቅድልኝም። «አይገባም» ማለትም የእኔ ፍርድ አይደለም። «እኔ እውነት ነው ብዬ የማምነውን ታውቂያለሽ፤ እሱም እውነት ነው ብሎ የሚያምነው አለ። ማን እንደሚገባ የሚወስነው ግን እኔም እሱም አይደለንም» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ እሱስ ስለ አንተ እንዲህ ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀች። በማግሥቱ ደውዬ ጠየቅሁት። ሳቀ፤ ከዚያም የእሱ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ስለ እኔ ጠይቆት እንደነበር ነገረኝ።

«ምን አልከው?» አልኩት።

«እየጸለይኩለት ነው አልኩት» አለኝ።